ከልጄ ሻንጣ ያወጣሁት ሰደርያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የእኛ ሚሌኒየም በተከበረ በዓመቱ፣ ዒድ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። እነሆ ዓመት አለፈው። እኔ ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ የቤቴን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ ይረሳኛል። የዚያን ሰኞ ነገር ግን አንድም አልረሳሁ። ልጄን ከሞት አድናለሁ ብዬ በገዛ እጄ ወደ ሞት ልልካት የነበረበት ቀን ነው።

የምኖረው ስቶክሆልም፣ ሮግስቬድ ነው። ሥራዬ ጽዳት ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ስዊድንኛ መናገሩን ለመድኩት እንጂ ማንበቡ እስከዛሬ አልሆነልኝም። ይህንን የምነግራችሁ በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ሰሚራ አንዲት ልጄ ናት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች። አባቷ ከሞተ በኋላ ዓመት ሙሉ ከሥራ ትመጣና ክፍሏን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። እራት ስጠራት "በልቻለሁ" ትለኛለች፤ እንዳልበላች አውቃለሁ። ከዚያ ክፍል ያወጣቻት አብራት የምትሠራ ጉኒላ የምትባል ጡረታዋ የደረሰ ስዊድናዊት ናት። አንድ ቅዳሜ የጫካ ፍሬ እንልቀም ብላ ወሰደቻት። በሌላው ቅዳሜ እንጉዳይ ፍለጋ ሄዱ። ከዚያ አንድ ቀን ሰሚራ ጭቃ በጭቃ ሆና እየሳቀች ገባች።

"እማ፣ ኤልይ አየሁ" አለችኝ።

ኤልይ ማለት ከፈረስ የሚበልጥ፣ የወንዱ ቀንድ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሆነ የዚህ አገር የጫካ እንስሳ ነው። በጥቅምት አዳኞች ቡድን እየሆኑ ያድኑታል፣ ሥጋውን ይከፋፈሉታል። እኔ እሷ በመሳቋ ብቻ ደስ ብሎኝ ስለ እንስሳው ልብም አላልኩ። ወር ሳይሞላ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

"በሚመጣው ዓመት ከጉኒላ ወንድም ቡድን ጋር ላድን ነው።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ላድን። ፍሪዘራችንን እንሞላለን። ራሴ ቢስሚላህ ብዬ ከተኮስኩ ደግሞ ሐላል ነው፤ ሸኹን ጠይቄያቸዋለሁ።"

ግማሹን በስዊድንኛ ነው የምታወራኝ። እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ እንዲህ ነው የምንግባባው። ያን ቀን ግን እምቢ ብላት ተመልሳ ያችን ክፍሏን እንዳትዘጋ ፈራሁ። እሺ ብላትም ፈራሁ። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ እሺ ቆጠረችው።

ከዚያ ዝግጅቱ ተጀመረ። ገንዘብ የለንም። የአዳኝነት ትምህርቱን ከደመወዟ እየቆረጠች ከፍላ ተማረች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ጠመንጃው የጉኒላ ወንድም ነው፤ ቤቴ እንዳይገባ አስምያታለሁ። ቦት ጫማውን ጉኒላ አዋሰቻት። ጉኒላ ረጅም እግር ያላት ሴት ናት፤ ሰሚራ ሁለት ካልሲ ደርባ ለካችውና "ለአንድ ተከራይ ቦታ ይተርፋል" ብላ ሳቀች። ሱሪውን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ገዛች። ከዚያው ገበያ አንድ ሰደርያና አንድ ኮፍያም አመጣች፤ ሁለቱም እንደ ብርቱካን የሚያበሩ፣ ዓይን የሚወጉ። የምድር ቤት ሽታ ይሸታሉ። ቴርሞሱ የቤታችን ነው። ዳቦ ቆሎው የኔ።

የሚያስፈልጋትን ሁሉ በስዊድንኛ በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። አንዱ ነገር በተገኘ ቁጥር ምልክት ታደርግበታለች። ከታች የአዳኞቹን ቤት አድራሻና የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፈችልኝ። ከዝርዝሩ አንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በየጠዋቱ ሻይ ሳፈላ እሱን አየዋለሁ። ምን እንደሚል አልጠየቅኳትም፤ ጥይት ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

በዚህ መሀል ሃግሴትራ የምትኖር እት ከድጃ የምትባል ታላቅ ወዳጄ ልትጠይቀኝ መጣች። ወረቀቱንም ሰደርያውንም አየች።

"ሰው ልጁን ለባል ይድራል" አለችኝ። "አንቺ ለአውሬ ልትድሪያት ነው?"

"ኧረ እት ከድጃ፣ አታስፈራሪኝ።"

"እኔ ምን አስፈራራሁሽ። ይህንን የሚያበራ ነገር ለብሳ ከፊቱ ስትቆም እሱ ምን የሚላት ይመስልሻል፣ ማሻአላህ?"

እሷ ለቀልድ ነው የተናገረችው። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

የእናቴ ወንድም አጎቴ ይማም ወሎ ቆላው ውስጥ ድኩላ ያድን ነበር። ለአደን ሲወጣ የአፈር መልክ ያለው አሮጌ ቡሉኮ ነው የሚለብሰው። ነጭ ነገር፣ ቀይ ነገር አያስጠጋም። አንድ ጊዜ ቀይ ፎጣ ወገቡ ላይ ያሰረ ጎረምሳ ተከትሎት ሄዶ ከርከሮ ጭኑን ዘረጠጠው። በቃሬዛ ሲያመጡት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አጎቴ እናቴን "ፎጣው ነው ያስበላው" ሲላት ሰምቻለሁ። እና እኔ ይህን እያወቅሁ ልጄን እንደ ፋኖስ አብርቼ እንዴት ልላካት?

ሰሚራን ብነግራት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። "እማ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም" ነው የምትለኝ፤ ሁልጊዜ የምትለኝ እሱን ነው። ስለዚህ አልነገርኳትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉኒላ በመኪና ልትወስዳት ቀጠሮ ነበራቸው። ሰሚራ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ሻንጣዋን ከፈትኩ። ሰደርያውንና ኮፍያውን አወጣሁ። በቦታቸው የአባቷን ቡናማ ካፖርትና እኔ ራሴ የሠራሁላትን ቡናማ የሱፍ ኮፍያ አስገባሁ። ካፖርቱ ይሞቃታል፣ የአባቷ ዱዓም አብሯት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ልቤ አረፈ። ስትሄድ በር ላይ አቅፌ ሳምኳት። "ስልኬን ጫካ ውስጥ እዘጋለሁ፤ እንዳትደነግጪ" አለችኝና ሄደች።

ሰኞ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነበር። እዚህ አገር ሕንፃው ለሁሉም አንድ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለው፤ ሰው በየተራው ሰዓት ይይዛል። ሰደርያውም ከሻጋታ ሽታው ይታጠብ፣ አንድ ቀን ለሌላ ነገር ይጠቅማል ብዬ ከልብሱ ጋር ይዤው ወረድኩ። ከእኔ ቀጥሎ ተራ ያላቸው ማቲ የሚባሉ ፊንላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። ከላያችን ነው የሚኖሩት፤ ሁልጊዜ ከሰዓታቸው በፊት መጥተው ማሽኑ ባዶ መሆኑን ያያሉ። ያን ቀንም መጡ። ሰደርያውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

"እናንተ ቤት አዳኝ አለ?" አሉኝ።

"ልጄ ናት። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነው።"

"ታዲያ ይህ እዚህ ምን ይሠራል?"

እኔም ብልህ ነገር እንደሠራ ሰው ነገርኳቸው። አውሬው እንዳያያት ደብቄ አወጣሁት፣ ቡናማ ካፖርት አስገባሁላት አልኳቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር።

ማቲ የያዙትን ዘንቢል ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እኔ እንድረዳቸው ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩ።

"ኤልይ ይህንን ቀለም አይለይም። ለእሱ ቅጠል ነው። ይህ ለሰው ነው። ጫካ ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ብዙ ሰዎች አሉ። ቡናማ ነገር ሲንቀሳቀስ ሲያዩ ኤልይ ነው ይላሉ።"

ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉኝ አልሰማሁም። ልብሱን እንዳለ ትቼ ደረጃውን ወጣሁ። ሰሚራ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ጉኒላም አታነሳም። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ነጥቄ ወደ ታች ስመለስ ማቲ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

"ይህ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፣ ምን ይላል?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ሰደርያ፣ ኮፍያ ይላል" አሉኝ።

በየጠዋቱ ሻይ ሳፈላ የማየው መስመር እሱ ነበር።

ማቲ የልብሱን ነገር ተይው፣ እኔ አወጣዋለሁ አሉኝ። ሰደርያና ኮፍያውን በፌስታል ይዤ፣ የቤት ሻርፕ እንደለበስኩ፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ገባሁ። ሰዎቹ ያሉት ከኖርቴልዬ ከተማ አልፎ ገጠር ውስጥ ነው፤ እኔ በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም። ከቱነልባናው ወርጄ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ወርጄ ሌላ አውቶቡስ። በየመቆሚያው ስልክ እደውላለሁ። በመስኮት ጫካ ነው፣ ጫካ ነው፣ ጫካ ነው። ቡናማ ያልሆነ ነገር የለም፤ ቅጠሉ ቡናማ፣ ግንዱ ቡናማ፣ የታረሰው መሬት ቡናማ። የአባቷ ካፖርት የትኛውም ቦታ ሊሆን ይችል ነበር። ያረቢ፣ ከወሰድክብኝ እኔን ውሰደኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ ነው የሄድኩት። ያልተሳልኩት ስለት የለም።

ሁለተኛውን አውቶቡስ የሚነዳው አንድ ወፍራም ስዊድናዊ ነው። አድራሻውን ሳሳየው መቆሚያው ከቤቱ ሩቅ እንደሆነ ነገረኝ። ከፌስታሉ ብቅ ያለውን ሰደርያ አየና "የማን ነው?" አለኝ። በተሰባበረው ስዊድንኛዬ ነገርኩት። መንዳቱን ቀጠለ። ጥቂት ከሄድን በኋላ መቆሚያ በሌለበት አቆመ። የጠጠር መንገድ ወደ ጫካው ይገባል።

"እዚህ ማቆም ክልክል ነው" አለኝ በሩን ከፍቶ። "በዚህ መንገድ ቀጥ በይ። መጀመሪያ ግን ሰደርያውን አንቺው ልበሽው። ኮፍያውንም።"

ከሻርፔ በላይ ኮፍያውን ደፋሁ፤ ሰደርያውን ከሹራቤ በላይ አጠለቅሁ። አውቶቡሱ እስክለብስ ጠበቀኝና ሄደ። በዚያ መንገድ ብቻዬን ስሄድ የሰማሁት የእግሬን ድምፅ ብቻ ነው። በየእርምጃው ተኩስ እጠብቃለሁ።

መንገዱ ሲያልቅ አንድ ቀይ የእንጨት ቤት አለ። በረንዳው ደረጃ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ቡናማ ካፖርት ለብሷል። ሰሚራ ናት፤ ድንች ትልጣለች።

ቀና ብላ አየችኝ።

"እማ?" አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ምንድን ነው የለበስሽው?"

"ያንቺን" አልኳት። ሄጄ አቀፍኳት፤ ቢላዋውን በአንድ እጇ፣ ድንቹን በሌላው እንደያዘች። አለቀስኩ። እሷ አላቀፈችኝም።

"ስልኬን የዘጋሁት ስለተናደድኩብሽ ነው" አለችኝ።

ጠዋት አዳኞቹ ሲሰበሰቡ ሻንጣዋን ከፍታ ካፖርቱን አገኘችው። ቡድኑን የሚመራው የጉኒላ ወንድም ላሽ ነው። ያለ ሰደርያ ማንም ጫካዬ አይገባም አለ። ትርፍ የነበራቸውን ሌላ እንግዳ ለብሶት ነበር። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችለት ቀን ድንች ስትልጥ እየረፈደባት ነው። አየኋት፤ ፊቷ ያኔ ክፍሏን ትዘጋ በነበረበት ጊዜ የነበራት ፊት ነው።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ልጄ ደህና ናት። ሰደርያው ደግሞ እኔ ላይ ነው። ይዤው ብመለስ ድንች እየላጠች ትውላለች፤ ማንም አይተኩስባትም፣ አውሬም አያያትም። የሰደርያውን ዚፕ ይዤ ጥቂት ቆምኩ። ሰሚራ ዚፑን ነው የምታየው። ምን እንዳሰብኩ ያወቀች ይመስለኛል።

አወለቅኩት። ራሴ አለበስኳት። ኮፍያውንም ራሴ ደፋሁላት።

ለምሳ አዳኞቹ ተመለሱ፤ ጉኒላና ሌሎች አራት ሰዎች፣ ላሽም። ላሽ ጢሙ ነጭ የሆነ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሰሚራን አየ፣ እኔን አየ።

"እናቷ ነሽ?" አለኝ። "ልጅሽ ረሳሁት ብላኛለች። አዳኝ እንዲህ አይነት ነገር አይረሳም ብያታለሁ።"

ሰሚራ አቀርቅራ ሾርባ ትቀዳለች። እንዲህ ብላ እንደሸፈነችኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

"እሷ አልረሳችም" አልኩት። "እኔ ነኝ ያወጣሁት።" የአጎቴን ቡሉኮ፣ የጎረምሳውን ቀይ ፎጣ ሁሉ እንደሆነልኝ ነገርኳቸው። ከአዳኞቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ላሽ አልሳቀም። ዳቦና ድንች ወደኔ ገፋ አደረገልኝ።

"አጎትሽ ብቻውን ነበር የሚያድነው" አለ። "እኛ ሰባት ነን። የሚያስፈራሽን ነገር ከእንግዲህ እኔን ጠይቂኝ። ሻንጣ አትክፈቺ።"

ከምሳ በኋላ ሰሚራ ከጉኒላ ጋር እንድትሆን ተመደበች። ሰባቱም ወደ ጫካው ሄዱ፤ እኔ በረንዳው ደረጃ ላይ የአባቷን ካፖርት ለብሼ ቀረሁ። ከጠዋቱ ጉዞ ያ ሰዓት ይብሳል። ጠዋት ቢያንስ እየሄድኩ ነበር። አሁን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ፀሐይ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ስትጠጋ አንድ ጥይት ጮኸ። አንድ ብቻ። ድምፁ ከሐይቁ ማዶ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ዝም። ተነስቼ ቆምኩ፤ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ዱዓው ከአፌ ጠፋ፤ ፋቲሃን እንኳ ከመሀሏ እየረሳሁ ደጋግሜ ጀመርኳት።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ከሜዳው ማዶ፣ ከጫካው ጠርዝ ብርቱካን የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ ሁለት አንድ ላይ። ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ አይለይም፤ ሰው መሆናቸው ግን ይታያል። ማቲ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አምስት ቆጠርኩ። ሁለት ይቀራሉ። ጫካውን ዓይኔ እስኪያለቅስ አየሁት። በመጨረሻ አንድ ረጅም ነጠብጣብ ወጣ፤ ከኋላው ደግሞ ትልቅ ጫማ የለበሰ ሰው እንደሚራመድ ተጎትቶ የሚራመድ አንድ አጭር። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ መቀመጫዬ ደረጃው ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ አረፈ።

የተኮሰው ሌላ ሰው ነው፤ ስቷል። ሰሚራ እናትና ግልገል ኤልይ አይታለች። በቅርብ ነበሩ አለችኝ። ለምን አልተኮስሽም ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች።

አመሻሹ ላይ እስከ አውቶቡሱ መንገድ ሸኘችኝ። እሷ ለሁለት ቀን ትቆያለች።

"ለምን ረሳሁት አልሻቸው?" አልኳት።

"ምን ልበላቸው? እናቴ እንዳልሞት ብላ ልታስገድለኝ ነው ልበላቸው?"

አየችኝና ሳቀች። ከዚያ ነው ያቀፈችኝ።

ያን ዓመት አንድ ቁራጭ ሥጋ እንኳ ይዛ አልመጣችም። ፍሪዘራችን ባዶውን ከረመ። ማቲ ያን ቀን ልብሴን አጣጥፈው በር ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ዳቦ ቆሎ ሠርቼ ወሰድኩላቸው፣ ጥርስ የለኝም ብለው ሳቁብኝ፣ ተቀበሉኝ ግን።

ዘንድሮም ልትሄድ ነው። አልፈራም ብዬ አልዋሻችሁም፤ እንደ አምናው እፈራለሁ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ ያ መስመር የቱ እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ማንበብ ስለተማርኩ አይደለም፤ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ስላሰመረችበት ነው። ትናንት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ "እማ፣ እጅሽን ከሻንጣዬ አርቂ" ብላ ቀለደችብኝ። ሰደርያውን ከላይ ራሷ አስቀመጠችው። እኔ ከመዘጋቱ በፊት እጄን ከትቼ ዳበስኩት፤ አለ። ቢስሚላህ ብዬ ዚፑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።